ዕዳዬን ቶሎ ለመጨረስ ከየቱ ወጪ ልቀንስ? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች የመለሱልኝ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ሥራዬ ግን ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ግብር፣ ጡረታና የብድር ተቆራጭ ከወጣለት በኋላ እጄ የሚገባው 12,600 ብር ነው። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሁለት ልጆች አሉን። ቤቱ የእናቴ ስለሆነ ኪራይ የለብንም።

ዕዳዬ አራት ቦታ ነው። ጣራ ለማደስና እናቴን ለማሳከም ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ከተበደርኩት 64,000 ብር ይቀረኛል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው፤ በየወሩ 2,900 ብር ከደሞዜ ይቆረጣል። ለአማቼ፣ ለባለቤቴ ወንድም፣ 30,000 ብር አለብኝ፣ ያለ ወለድ። የሰፈር ሱቅ ዱቤ 6,400 ደርሷል። በስልክ የምወስደው 4,000 ብር ደግሞ በወሩ 4,320 ሆኖ ይመለሳል፤ እከፍልና መልሼ እወስደዋለሁ። ባንክ 9,000 ብር አለኝ። እሱን ላለመንካት ነው የምታገለው።

ወጪዬ ይህን ይመስላል። ትራንስፖርት ከባጃጁ ጋር በቀን 150 ብር፣ ቁርስና ማኪያቶ በቀን 80፣ የስልክ ጥቅል በወር 600፣ ዕቁብ 1,500፣ ቅሬ (የሰፈር ዕድር) 100። የቀረው ለቤት ነው። ሐሳቤ ማኪያቶውንና ዕቁቡን አቁሜ ያንን ብር በትልቁ ብድር ላይ መጨመር ነው። ልክ ነኝ? ከየቱ ልቀንስ?

መልሶቹ

ይህን የጻፍኩት የካቲት አጋማሽ ላይ ነው፤ በ2018 ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት የገቡ ሰሞን። የኔን አንድ ጨምሮ 27 መልስ ተጻፈ። የሰውን ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ማን ምን እንደመከረኝና እኔም ምን እንዳደረግኩ ግን በተራ ልንገራችሁ፤ እንደኔ የተቸገረ ሰው ብዙ እንደሆነ ከመልሶቹ አይቻለሁ።

1ኛው ሰላምታና ምርቃት ብቻ ነበር። አብሽር ብሎ ነው የጨረሰው። ያን ቀን እሱም ጠቅሞኛል።

2ኛው ቁም ነገር ይዞ መጣ። አጻጻፉ የባንክ ቤት ሰው ይመስላል። ዕዳን በትልቅነቱ ሳይሆን በሚበላው ወለድ እንድደረድር አሳየኝ። በ4,000 ብር ላይ በወር 320 ብር ማለት 8 በመቶ ነው። ዓመቱን ሙሉ እየከፈልኩ መልሼ ከወሰድኩ 3,840 ብር ይሆናል፤ የተበደርኩትን ያህል ማለት ነው። ባንክ ያስቀመጥኩት ግን በዓመት 7 በመቶ ብቻ ነው የሚወልደው። በአንድ እጄ 7 እየተቀበልኩ በሌላው 96 እየከፈልኩ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ከቁጠባዬ አውጥቼ የስልኩን ብድር ዛሬውኑ እንድዘጋ፣ ዳግም እንዳልከፍተውም መከረኝ።

3ኛዋ እናት ናት፤ በዚህ አልተስማማችም። ቁጠባውን ያራቆተ ሰው ልጁ ሌሊት ቢታመምበት ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ስልክ እንደሚመለስ አስጠነቀቀች። 2ኛው ሰውዬ በ4ኛው መልስ ተመልሶ መጣ። ብድሩ ከተከፈለ በኋላም 4,680 ብር እንደሚተርፈኝ በትሕትና አስልቶ አሳያት። እሷም ያ ብር እንዳይነካ አደራ ብላ ተስማማች። እኔም በማግስቱ ከፈልኩ።

5ኛው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ይመስለኛል። የማኅበሩ ወለድ የሚሰላው በቀሪው ብድር ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በወሰድኩት ሙሉ ገንዘብ ላይ? ምሳሌም ሰጠ። 100,000 ብር በ15 በመቶ ለአንድ ዓመት የተበደረ ሰው ወለዱ በሙሉው ከተሰላበት 15,000 ብር ይከፍላል። እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ላይ ከተሰላ ግን በየወሩ እኩል እየከፈለ ወለዱ 8,300 ገደማ ነው የሚሆነው። በመጀመሪያው ዓይነት ውል ቀድሞ መክፈል ወለዱን ላይቀንስ ይችላል። ማኪያቶ የተተወበት ብር በከንቱ ይቀራል ማለት ነው።

በማግስቱ የማኅበሩን ሒሳብ ሠራተኛ ጠየቅኩ። ወለዱ በቀሪው ላይ ነው የሚሰላው፤ ጨምሮ ለሚከፍልም ቅጣት የለውም። ከዚያ ራሴ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ2,900 ከቀጠልኩ ለመጨረስ 26 ወር ይፈጅብኛል፤ ወለዱም 11,300 ብር ገደማ ነው። በየወሩ 2,000 ብር ብጨምር ግን 15 ወር ይበቃኛል፤ ወለዱም ወደ 6,300 ይወርዳል። 5,000 ብር በእጄ ይቀራል። ከዚህ በፊት እንዲህ አስልቼው አላውቅም ነበር።

6ኛው ዕቁቡን እንዳልነካ ነገረኝ። ዕቁብ ወጪ አይደለም፤ ተመልሶ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ይልቅ ዳኛውን አነጋግሬ ዕጣው እንዲቀድምልኝ ብጠይቅ፣ ወይም የደረሰው አባል ተራ እንዲለውጠኝ ብለምን ይሻላል። 7ኛው ደግሞ ዕቁብ መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው ሰፈር ውስጥ ስሙ እንደሚነሳ፣ ነገ ዋስ ሲፈልግም ማንም እንደማይቆምለት ጨመረ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቅሬውንማ ማንም አልነካውም። ከመለሱልኝ ውስጥ አንድም ሰው ከዚያ 100 ብር ላይ ቀንስ አላለኝም።

8ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ወሩን በ22 የሥራ ቀን ቆጥሮ ወጪዎቼን ደመራቸው፤ 7,260 ብር መጣ። ለቤት የሚቀረው 5,340 ነው። አራት ሰው በዚህ ብርና በእንጀራ ሽያጭ እየኖረ ዕዳው እንዲህ የሚጨምርበት ምክንያት አልታየውም። ደሴ ያደገ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ የጎደለው ምን እንደሆነ ያውቃል አለ። ጫት ማለቱ ነበር።

ተናደድኩ። ግማሽ ቀን ሳልመልስለት ቆየሁ። ከዚያ በ9ኛው መልስ እውነቱን ጻፍኩ። ሐሙስና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ፤ በየጊዜው 250 ብር፣ በወር ወደ 2,000። ለአማቼ ልከፍለው የምችለውን ብር ነበር የደበቅኩት።

10ኛው አልማረኝም። ከልጆቼ አፍ እየነጠቅኩ ሰው ምክር መጠየቄ እንዳሳፈረው ጻፈ። 11ኛው የሸመገሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ተቆጡት። ወሎ ውስጥ ዱዓ የሚደረግበትን፣ የታመመ የሚጠየቅበትን፣ የተጣላ የሚታረቅበትን ቦታ እንደ ሱስ ብቻ ማየት ልክ እንዳልሆነ፣ ጣራዬ ሲፈርስ ቆርቆሮ የተሸከሙልኝ እነዚያው ጓደኞቼ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስታወሱ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ናቸው የተሸከሙልኝ። 12ኛው መልስ የዚያው የ10ኛው ሰው ነው። ለዱዓ 250 ብር እንደማያስፈልግ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። ሐሙስን ተውኩ። እሁድንም በየሁለት ሳምንቱ አደረግኩት። በሌሎቹ እሁዶች ሄጄ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ ማንም አልተቀየመኝም።

13ኛዋ ገንዘብ አላነሳችም። በእኅትነት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ባለቤቴ ይህን ሁሉ ታውቅ እንደሆነ። የማኅበሩንና የወንድሟን ታውቃለች። የስልኩን አታውቅም። የሱቁ ዱቤም 6,400 መድረሱን አልነገርኳትም ነበር።

ያን ማታ ነገርኳት። ምጣድ ላይ ነበረች። እስክጨርስ ዝም አለችኝ። ከዚያ አክምባሎውን አንስታ እንጀራውን በሰፌድ አወጣችውና ቀለሙን እንዳየው አሳየችኝ። ከሦስት ወር ጀምሮ ነጩን ጤፍ ለሽያጭ እየጋገረች፣ ለኛ ማሽላ ስትቀላቅልበት ኖራለች። ዱቤው እየከበደ መምጣቱን ከባለሱቁ ፊት አውቃው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በልቼ አላስተዋልኩም። ለካ እሷ ለብቻዋ እየቀነሰች እኔ ለብቻዬ እደብቅ ነበር። በማግስቱ ከልጆቹ ደብተር አንድ ወረቀት ቀድደን የሁለታችንንም ገቢና ወጪ አንድ ላይ ጻፍን። አሁን ወረቀቱ ከቡና ረከቦቱ በላይ ግድግዳው ላይ ነው።

14ኛው ከወጪዬ ሁሉ ትልቁ መንገድ መሆኑን አየ። በቀን 150 በወር 3,300 ብር ነው፤ የማኪያቶው እጥፍ ገደማ። ኮምቦልቻ እንድገባ መከረኝ። 15ኛው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ የቤት ኪራይ በደሞዝተኛ አቅም እንደማይቀመስ ነገረው። እዚህ ላይ ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። 16ኛው የኮምቦልቻን ሙቀት አነሳ። 17ኛዋ የደሴን ብርድና የከሰል ወጪ መዘዘችበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሁለቱም የሚያነሱት አላጡም። እንደ ቀልድ ነበር የጀመሩት፤ በኋላ ግን ተነካኩ። 18ኛው ገላግሏቸው ወደኔ ጥያቄ መለሳቸው። ከአንድ ሰፈር የሚነሱ አራት አምስት ሠራተኞች አንድ መኪና በወር ኮንትራት ቢይዙ እንደሚቀንስላቸው ከራሱ ልምድ ጻፈ። እየጠየቅኩ ነው፤ እስካሁን ሦስት ሆነናል።

19ኛው ፒያሳ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ዕቃው ደግሞ የዱቤ ዕቃ ነው። ያለበትን ነጋዴ ሁሉ አንድ በአንድ በእግሩ እየሄደ ጊዜ ለመነ። አንድም ቀን ስልክ አልዘጋባቸውም። የሚከፍለው ባይኖረው እንኳ በቀጠሮው ቀን ሄዶ እንደሌለው ይነግራቸዋል። የመጨረሻውን የከፈለው አምና ነው። ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ አማቼን ስሸሸው እንደነበር ታወቀኝ። ስልኩ ሲጠራ አይቼ እተወው ነበር።

20ኛው ከሁሉም የገረመኝ መልስ ነው። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ቁርስና የጠዋት ማኪያቶ እንደማይጠጣ አስታወሰኝ። ከዚያ ጠየቀኝ፤ አምና 55 ቀን ያልበላሁት የቁርስ ብር የት ሄደ? አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ምንም ትዝ አላለኝም። የሄደበት የለም፤ ግን የለም። ዕዳው ሳንቲም አልቀነሰም። ሰውዬው የሚለው ይህ ነበር። መቀነስ ብቻውን ምንም አያደርግም። የቀነስከው ብር ደሞዝ በገባበት ቀን ዕዳው ላይ ካልዋለ ሌላ ነገር ይበላዋል። ወር እስኪያልቅ ጠብቀው የተረፈውን ለዕዳ የሚያደርጉ ሰዎች ምንም እንደማይተርፋቸው ጻፈ። እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ማኪያቶውን ትቼው አውቃለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ዕዳውን ግን አልነካሁትም።

21ኛው በዚህ ተቆጣ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ ዕቃ ሁሉ ሲንር ደሞዝተኛው ላይ ማኪያቶ መቁጠር ግፍ እንደሆነ ጻፈ። ችግሩ ገቢ ነው እንጂ ወጪ አይደለም ነው የሚለው። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም ሐሰት አልተናገረም። ግን ገቢዬ እስኪጨምር የስልኩ ብድር አይጠብቀኝም። 22ኛው በለስላሳ ቃል መለሰለት። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ግብር የማይከፈልበት ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላለ ሁሉም ደሞዝተኛ ጥቂት ተርፎታል። ያቺን ትርፍ ዕዳው ላይ ያዋለ ምንም ሳይጎድልበት ሊያቃልል ይችል ነበር። የኔዋ መቼ እንደመጣችና መቼ እንዳለቀች አላውቅም።

23ኛው የሃይማኖት ዕውቀት ያላቸው አባት ናቸው። ወለድ ራሱን የሚሸሽ ሰው ከ2013 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ስላሉ እንዲጠይቅ ጠቆሙ። የሳቸው ትኩረት ግን የአማቼ 30,000 ብር ነበር። በእስልምና ሟች ዕዳ ካለበት ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው እንደሚከፈል አስታወሱኝ። ወለድ የለውም ብሎ ወደ መጨረሻ መግፋት ያበደረውን ሰው ደግነት መቅጣት ነው አሉ። አማቼ ሙስሊም ነው። ደውዬ በየወሩ 1,000 ብር እንደምልክለት ነገርኩት። ስለ ብሩ ብዙ አላወራም። ለምን እንደጠፋሁበት ነው የጠየቀኝ።

24ኛዋ ሱቅ አላት። ከባለሱቅ ወገን የተጻፈ መልስ ይህ ብቻ ነው። ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ አይጠይቅም አለች። የሰጡትን ተቀብሎ ያጽፋል። ሰኞ ገበያ ወደሚባለው የደሴ ገበያ ቢወርድ የሚቀንስለትን ነገር ከሱቁ ይወስዳል፤ ጥሬ ብር የለውማ። ስለዚህ ዱቤ ወለድ ባይኖረውም በየዕቃው ላይ የሚከፈል ነገር አለው። ከስልኩ ቀጥሎ እሱን እንድዘጋ መከረችኝ። እሷ ራሷ በዱቤ ስትሰጥ እንደምትጨምር ሳትደብቅ ነው የጻፈችው። ድፍረቷን አከበርኩት።

25ኛው ሁሉንም ዕዳ የሚጠቀልልልኝ አበዳሪ እንደሚያገናኘኝ ጻፈ። ወለዱን አልጻፈም። 26ኛው ወዲያው ተነሳበት። ነገሩ አራጣ መሆኑን፣ አራጣም በወንጀል እንደሚያስቀጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በግለሰብና በግለሰብ መካከል ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ መዋዋልን እንደሚከለክል በግልጽ ነገረው። 25ኛው አልተመለሰም። እንደኔ የጨነቀው ሰው ያን ጽሑፍ ሌሊት ቢያየው ሊደውል እንደሚችል አውቃለሁና 26ኛውን አመሰግናለሁ።

27ኛዋ ከምን እንዳደረስኩት ጠየቀች። ይኸው።

ከጫቱ 1,500፣ ከቁርሱ 1,460፣ ከስልክ ጥቅሉ 250 ቀነስኩ፤ በወር 3,210 ብር። ቁርሴን ከቤት በምሳ ዕቃ ይዤ እወርዳለሁ። የካቲት መጨረሻ ደሞዝ የገባ ዕለት ብሩ ሳያድር 3,200 ለባለሱቁ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ በዱቤ ምንም አልወሰድንም። የጎደለውን ባለቤቴ ከእንጀራው ሽያጭ ሞላችው። ለፋሲካም በግ ቀረ፤ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገባን። ከሚያዝያ ጀምሮ 2,000 ለማኅበሩ፣ 1,000 ለአማቼ ነው።

የመጋቢትን ደሞዝ ተቀብዬ ከሐረጎ እንደወጣሁ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። የዱቤ ደብተሩ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ ባለ አራት መዓዘን ደብተር ነው። የኛ ገጽ ሁለት ቅጠል ከግማሽ ሞልቷል። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ መኮሮኒ፣ እንደገና ዘይት። የቀረውን 3,200 ቆጠረና ቀይ እስክሪብቶ ፈልጎ ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። ሁለተኛውንም ቅጠል ገልጦ ሰረዘው። እኔም ለበዓሉ የሚሆን ዘይት ስለሚያስፈልገን ሦስት ሊትሩ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና ዋጋውን ነገረኝ። ቅዳሜ ሰኞ ገበያ ስንት እንደሆነ ጠይቄ እንደምመለስ ነገርኩት፤ ገባው።